ጅራፉ ሲጮኽ ውሻው ወዴት ይሂድ?

ነሐሴ ከገባ ጀምሮ በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በሮብ ገበያና በአካባቢዋ የሚገኙ መንደሮች በጅራፍ ድምፅ ይሞላሉ። እረኞች ከብቶቻቸውን በመስኩ ላይ አሰማርተው ጅራፍ ይገምዳሉ፤ አንዱ ከዚህ ጋራ ሲያጮኽ ሌላው ከወዲያኛው ጋራ ይመልስለታል። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ይበራል፤ በማግስቱም የደብረ ታቦር በዓል፣ በሕዝቡ አጠራር ቡሄ፣ ይከበራል። ችቦው በታቦር ተራራ ላይ የታየው ብርሃን፣ የጅራፉ ጩኸትም በዚያ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ እንደሆነ አባቶች ያስተምራሉ። ለሕፃናት ደግሞ ቡሄ ማለት ሆያ ሆዬ፣ ሙልሙልና ጅራፍ ነው። ይህን ደስታ ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ደስታውን መንፈግ አይደለም። በዓሉ ሲደምቅ በየደጁ ታስሮ ስለሚንቀጠቀጠው፣ ስለ ውሻው፣ ጥቂት ማለት ግን አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለምን ቢሉ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልጥቀስ።

ባደግሁበት ቤት አንበሴ የሚባል ውሻ ነበረን። ቀን በጓሮ ታስሮ ይውላል፤ ማታ ሲፈታ በጎቹን ከጅብ ይጠብቃል። አንድ የቡሄ ዋዜማ እኔና ወንድሞቼ ውሻው ከታሰረበት አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ቆመን ማን አብልጦ እንደሚያጮኽ ስንፎካከር፣ አንበሴ ገመዱን እየጎተተ ይዞር፣ ይንቀጠቀጥ፣ ምራቁንም ያዝረበርብ ጀመር። እኛም ሳቅንበት። ጥቂት ቆይቶ ገመዱን በጠሰና ወደ ቁልቁለቱ ሮጠ። በዚያች ሌሊት ጅብ ከበረቱ ሁለት በግ ወሰደ። በሦስተኛው ቀን የታች መንደር ሰዎች ምራቁን እያዝረበረበ የሚሮጥ ባለቤት የሌለው ውሻ አይተው «ያበደ ውሻ ነው» ብለው እንደገደሉት ሰማን። አባቴም «ድሮም ፈሪ ውሻ ቤት አይጠብቅም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ያን ጊዜ ፍርዱ ትክክል መስሎኝ ነበር። የድምፅን ሳይንስና የእንስሳትን ባሕርይ ካጠናሁ በኋላ ግን በዚያች ማታ ጥፋተኛው ማን እንደነበር ተረድቻለሁ።

የጅራፉ ጩኸት ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን የጅራፍ ድምፅ የሚወጣው ጫፉ መሬቱን ወይም ገመዱ ራሱን ሲመታ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ጅራፍ ከእጀታው ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ገራፊው እጁን ሲወነጭፍ በገመዱ ላይ ቅልብስ የመሰለ ሞገድ ይፈጠርና ወደ ጫፉ ይጓዛል። የሞገዱ ጉልበት ሳይጠፋ የሚሸከመው ገመድ ግን እየቀለለ ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ በዚያው መጠን ይጨምራል። በመጨረሻም ከድምፅ ፍጥነት ይደርሳል፤ ያልፈዋልም። የድምፅ ፍጥነት በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር፣ በሰዓት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ የምንሰማው ጩኸት ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን ሲያልፍ ከሚሰማው ነጎድጓድ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ በመጠኑ ብቻ ነው።

ይህ መላ ምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. በፈጣን ካሜራ የተነሡ ፎቶግራፎች የድንጋጤ ሞገዱን በግልጽ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ አላን ጎሪየሊና ታይለር ማክሚለን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ጩኸቱን የሚፈጥረው በገመዱ ላይ የሚሮጠው ቅልብስ መሆኑን በሒሳብ አስረድተዋል። የሮብ ገበያ እረኛ አውሮፕላን ከመፈልሰፉ እጅግ ቀደም ብሎ የድምፅን ፍጥነት በእጁ ይሰብር ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ዓይነቱ ድምፅ ዋና ጠባይ ድንገተኛነቱ ነው። ሰውም ሆነ ውሻ በመካከለኛው ጆሮው ውስጥ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ የሚኮማተርና ድምፁን የሚያለዝብ ትንሽ ጡንቻ አለው። ይሁን እንጂ ጡንቻው ሥራውን ለመጀመር ከሰከንድ በመቶኛ የሚቆጠሩ ጥቂት ክፍልፋዮች ያስፈልጉታል። የጅራፍ፣ የጠመንጃና የርችት ድምፅ ግን ከዚያ ይቀድመዋል፤ በሩ ሳይዘጋ ገብቶ ያልፋል።

የውሻ ጆሮና የውሻ ፍርሃት

የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅን ይሰማል። የውሻ ጆሮ ግን እስከ 45,000 ሄርትዝ ድረስ ይዘልቃል። በዚህም ላይ ውሻ እኛ የማንሰማቸውን ከፍተኛ ቅላጼ ያላቸውን ድምፆች ይለያል፤ ጆሮውንም ከደርዘን በላይ በሆኑ ጡንቻዎች እየጠመዘዘ ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ ያነጣጥራል። ጅቡ ገና ከሩቅ ሲቃረብ ውሻችን ቀድሞ የሚጮኸው በዚህ ስጦታው ነው። ሌሊት የምናደንቀው ያው ጆሮ ግን በበዓል ቀን መከራ ያመጣበታል።

የድምፅን ኃይል የምንለካበት ዲሲብል አታላይ መለኪያ ነው። በየ10 ዲሲብሉ የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል። ተራ ንግግር ወደ 60 ዲሲብል ሲሆን በቅርብ የተተኮሰ ጠመንጃ ከ140 ዲሲብል ያልፋል። ልዩነቱ 80 ብቻ ይመስላል፤ በኃይል ግን 100 ሚሊዮን እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ለእንደዚህ ያለ ድንገተኛ ድምፅ ጣሪያው ለአዋቂ 140፣ ለሕፃን ደግሞ 120 ዲሲብል እንዲሆን መክሯል። ስለዚህ ነገሩ የውሻው ብቻ አይደለም፤ በተኳሹ ጎን ቆሞ የሚስቀውም ሕፃን ጆሮውን ይከፍላል።

ድምፁ በጆሮ ሲገባ በአንጎል ውስጥ አሚግዳላ የተባለው ክፍል የአደጋ ምልክት ይሰጣል። አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞንም በደም ውስጥ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ሰውነትን ለሽሽት ወይም ለጠብ ማዘጋጀት ነው። ልቅ የሆነ ውሻ ይሸሻል። የታሰረ ውሻ ግን መሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ የሚቀርበውን ሁሉ፣ ያሳደገውን ልጅ እንኳ ሳይቀር፣ ሊነክስ ይችላል። ይህ ክህደት ሳይሆን የተዘጋበት የሽሽት መንገድ ውጤት ነው።

ፍርሃቱ እንዲህ ከባድ ከሆነ ለምን አናስተውለውም? በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። «ውሻህ ድምፅ ይፈራልን?» ተብለው ከተጠየቁት ባለቤቶች አዎን ያሉት ሩብ ያህሉ ነበሩ። ስለ ውሻው አኳኋን በዝርዝር ሲጠየቁ ግን ግማሽ የሚጠጉት ቢያንስ አንድ የፍርሃት ምልክት ማየታቸውን ገለጹ። ምልክቱን ያያሉ፤ ፍርሃት መሆኑን ግን አያውቁም። ማለክለክ፣ መንቀጥቀጥ፣ ምራቅ ማዝረብረብ፣ ጅራትን መሸጎጥ፣ ጆሮን ወደ ኋላ ማጣበቅ፣ ያለ እንቅልፍ ማዛጋት፣ ከንፈርን ደጋግሞ መላስ፣ መሬት መቆፈርና የሚወደውን ምግብ እንኳ እምቢ ማለት ሁሉም የፍርሃት ቋንቋ ናቸው።

ሦስት የተሳሳቱ አስተያየቶች

የመጀመሪያው «ይለምደዋል» የሚለው ነው። ለስለስ ያለና ጉዳት የሌለው ድምፅ ሲደጋገም እንስሳ በእርግጥ ይለምደዋል። አስደንጋጭ ድምፅ ሲደጋገም ግን ተቃራኒው ይከሰታል፤ ነርቩ ይበልጥ ስሱ ይሆናል፣ ፍርሃቱም ከዓመት ወደ ዓመት ይብሳል። ታላቁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ይህን በሚያሳዝን አጋጣሚ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1924 ዓ.ም. የሌኒንግራድ ከተማ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የላቦራቶሪው ውሾች በጎጇቸው ውስጥ ሳሉ ውኃው ሊያሰጥማቸው ደርሶ ነበር። ከዳኑም በኋላ አንዳንዶቹ የተማሩትን ሁሉ ረሱ፤ ወደ ክፍሉ ጥቂት ውኃ እንዲፈስ ሲደረግም የቀድሞው ሽብር ተመለሰባቸው። ለአንበሴም የሁለተኛው ዓመት ጅራፍ ከመጀመሪያው የከበደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው «ፈሪ ውሻ ዋጋ የለውም» የሚለው ነው። የድምፅ ፍርሃትና የጥበቃ ድፍረት የተለያዩ ናቸው። ጅብን ፊት ለፊት የሚገጥም ውሻ ጅራፍ ሊያሸብረው ይችላል። ጅቡን ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ከየት እንደመጣም ያውቃል። ከሰማይ የወደቀ የሚመስለውን ድምፅ ግን ማንን ነክሶ ያስቁመው?

ሦስተኛው «ሲፈራ ብታባብለው ፍርሃትን ታስተምረዋለህ» የሚለው ነው። ፍርሃት ስሜት እንጂ ለሽልማት ተብሎ የሚሠራ ሥራ አይደለም። በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ ስቴፋኒ ሪመር እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ባሳተመችው ጥናት፣ ርችት በጮኸ ቁጥር ለውሾቻቸው የሚጣፍጥ ምግብ ከሰጡ ወይም ካጫወቱ ባለቤቶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዘዴው እንደረዳቸው ተናግረዋል። ፓቭሎቭ በደወልና በምግብ ያሳየን ሕግ ይኸው ነው፤ አስፈሪው ድምፅ የመልካም ነገር አብሳሪ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከውጭ አገር የሚመጣው ምክር «ውሻህን ወደ ሳሎን አስገባ፣ መጋረጃውን ዝጋ፣ ሙዚቃ ክፈት» ይላል። በእኛ ደጋ ውሻ ቤት አይገባም፤ ልማዱም ሃይማኖታዊ ሥር ያለው ስለሆነ በአንድ ጽሑፍ አይለወጥም። መለወጥም የለበትም፤ መርሑን ወደ አገራችን ሁኔታ ማምጣት ይበቃል።

በበዓሉ ማታ ውሻውን ሜዳ ላይ አለማሰር ከሁሉ ይቀድማል። በር ያለው በረት፣ የጎተራ ሥር ወይም ከጭድ ክምር አጠገብ የተከለለ ጥግ ይበቃዋል። ጭድና ወፍራም ግድግዳ ድምፅን ያለዝባሉ። ውሻው ራሱ ነጎድጓድ ሲመጣ የሚሸሸግበትን ቦታ አስተውሉ፤ የመረጠላችሁን ቦታ ንጹሕና ደረቅ አድርጉለት። ማሰር ግድ ከሆነ ገመዱ በአንገቱ ላይ የማይጠብቅ፣ ከአጥርም ጋር የማይጠላለፍ ይሁን፤ በድንጋጤ አጥር ዘሎ የተንጠለጠለ ውሻ ታንቆ ይሞታልና። ጅራፉ ከመጀመሩ በፊት አብሉት፤ ጩኸቱ ሲጀምር ከሙልሙሉም ሆነ ከእንጀራው ቁራሽ ጣል አድርጉለት። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በአጠገቡ ቢቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ይረጋጋል።

ዝግጅቱ ግን ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድሞ ቢጀመር የተሻለ ነው። አንድ ልጅ ከሩቅ ጅራፍ ያጮኻል፤ ሌላው በውሻው ዘንድ ሆኖ በእያንዳንዱ ጩኸት ቁራሽ ይሰጠዋል። ውሻው ምግቡን ያለ ሥጋት ከበላ በማግስቱ ጥቂት ይቀርባሉ፤ እምቢ ካለ ግን ፈጥነዋልና መራቅ አለባቸው። በተለይ ቡችሎች ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ዕድሜያቸው ያለው ጊዜ ወሳኝ ነው፤ በዚህ ወቅት በለዘብታ የተዋወቁትን ነገር ሲያድጉ ብዙም አይፈሩትም። ጠላ፣ አረቄ ወይም ለሰው የታዘዘ ክኒን ለውሻ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም። አልኮል ለውሻ መርዝ ነው፤ ክኒኑም ሊገድለው ይችላል። ፍርሃቱ ከመጠን ያለፈ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መዘንጋት የለበትም። አንበሴን የገደሉትን ሰዎች አልወቅስም። ምራቁን የሚያዝረበርብ እንግዳ ውሻ ያበደ ይሁን የደነገጠ በዓይን መለየት አይቻልም፤ በሽታውም ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ለሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው። በኢትዮጵያም በየዓመቱ ወደ 2,700 የሚጠጉ ሰዎች እንደሚሞቱበት የተሠራ ግምት አለ። የተከተበ ውሻ ቢሸሽም ለሰው ሥጋት አይሆንም። በውሻ የተነከሰ ሰው ቢኖር ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል።

ጅራፉ ይቅርን?

«ታዲያ ቡሄ ያለ ጅራፍ ይከበር ልትል ነውን?» የሚል ሰው አይጠፋም። አልልም። ጅራፍ ያባቶች ቅርስ ነው፤ ለልጆችም የክንድ ጥንካሬና የዓይን ስልት ያስተምራል። የምለው ቦታውን እንምረጥለት ነው። ድምፅ ከምንጩ በራቅን መጠን በርቀቱ ካሬ ይደክማል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ አንድ አራተኛ ይሆናል። ልጆች ከውሻው 5 ሜትር ርቀት ላይ መሆናቸው ቀርቶ 80 ሜትር ርቀው ቢያጮኹ፣ ወደ ውሻው ጆሮ የሚደርሰው ኃይል 256 ጊዜ ያንሳል። ከቤት ወደ መስኩ በአንድ ደቂቃ ይደረሳል፤ ወጪም የለውም። ደግሞም የጅራፍ ማዕረጉ በሰፊ መስክ፣ ጋራው ሲያስተጋባ እንጂ በጓሮ አይደለም።

ስለ ተኩስ ግን አስተያየቴ ይለያል። በሠርግና በጥምቀት ወደ ሰማይ መተኮስ በአካባቢያችን የኩራት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ግን ሰማይ አይቀርም። ሲመለስ በሰከንድ በግምት 90 ሜትር ያህል ሊፈጥን ይችላል፤ ይህም የራስ ቅል ለመብሳት ይበቃል። በዚህም ላይ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተስፋፋ ወዲህ የጥይት ድምፅ ለብዙ ቤተሰብ የሠርግ ብሥራት መሆኑ ቀርቷል። ልጇን አቅፋ ከአልጋ ሥር የገባች እናት፣ ድምፁን ስትሰማ የደስታ ይሁን የሞት መለየት አትችልም። ያ ውሻና ያች እናት የሚደነግጡት በአንድ ዓይነት አንጎል፣ በአንድ ዓይነት ሆርሞን ነው። ለዚህ ልማድ መከላከያ የሚሆን ባህል አለ ብዬ አላምንም።

በከተሞቻችን እየተለመደ የመጣውም ርችት ሊታሰብበት ይገባል። በኢጣልያ በፓርማ አውራጃ የምትገኘው ኮሌኪዮ የተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ርችት ድምፁ የለዘበ እንዲሆን ደንብ አውጥታለች፤ ብርሃኑ ቀረ፣ ሽብሩ ተወገደ። እኛ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ድምፅ የሌለው ርችት አለን፤ ችቦ ይባላል።

ይህን ጽሑፍ የምታነብቡ ተማሪዎች ለመጪው ቡሄ አንድ ሥራ ብትይዙ እወዳለሁ። በእጅ ስልካችሁ የድምፅ መለኪያ ጭናችሁ ከጅራፉ በ5፣ በ10፣ በ20ና በ40 ሜትር ርቀት ለኩ፤ የስልክ ማይክሮፎን ለድንገተኛ ድምፅ ጫፉን ስለሚቆርጠው በቅርብ ርቀት ያገኛችሁትን ቁጥር በጥንቃቄ ተመልከቱት። በመንደራችሁ ስንት ውሾች እንደተደበቁ፣ ስንቶች ገመድ እንደበጠሱ፣ ስንቶች እንዳልተመለሱ መዝግቡ። ከዚያም ውጤቱን ለታናናሾቻችሁ አሳዩአቸው። ምክር ከሰማ ልጅ ይልቅ ራሱ የለካ ልጅ ጅራፉን ይዞ ወደ መስኩ ይሄዳል።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ይላል የአገራችን ሰው፤ በድሎ የሚያማርረውን ሲወቅስ። እኛም በዚያች የቡሄ ዋዜማ ውሻውን አሸብረን፣ በማግስቱ «በጎቹን አላስጠበቀም» ብለን አማረርን። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ውለታውን አይረሳም። እኛም በዓመት ለአንድ ሌሊት ውለታውን ብናስብለት ከበዓላችን የሚጎድል ነገር የለም።